በስማዳ ባሕር ነበረ

የጡረታ ደብዳቤዬን የተቀበልኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ባልደረቦቼ ዳቦ ቆርሰው ጋቢ ደረቡልኝ፤ አንድ ወጣት መምህርም ተነሥቶ፣ "እትዬ የሻረግ ድንጋይን በቲያትር ያስተማሩ፣ በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ ያልተሳሳቱ መምህርት ናቸው" አለ። ተጨበጨበ። እኔም እንደ ወጉ እጅ ነሣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ንግግሩ እንደ እሾህ ይወጋኝ ጀመር። በቲያትር ማስተማሬ እውነት ነው። አልተሳሳቱም የተባለው ግን እውነት አይደለም። ተሳስቻለሁ፤ መከራውን ያየችውም እኔ ሳልሆን አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ወጣቶቹ መምህራን ሥራውን ከእኔ የሚወስዱ ከሆነ ከነስሕተቱ ይውሰዱት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ማስተማር የጀመርኩት በንጉሡ ዘመን፣ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። የደብረ ታቦር ልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በበቅሎ ሆኜ ገበያው መሀል ስደርስ ሴት አስተማሪ አይቶ የማያውቀው ሕዝብ "የዲሬክተሩ ምሽት መጣች" አለ። ዲሬክተሩ አቶ ይርዳው ሰምተው ኖሮ ከጨው ሻጮቹ መካከል ብቅ ብለው፣ "የእኔዋስ እቤት አለች! ይህቺ የልጆቻችሁ አስተማሪ ናት፤ እንግዳ ተቀበሉ!" ብለው ጮኹ። ሥራዬ የተጀመረው እንዲህ በሳቅ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍል፣ የሳር ክዳን ነበር። ደመወዛችንን ለመቀበል ደብረ ታቦር ድረስ እንሄድ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። የሳይንስ መጽሐፉ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ስለ ድንጋይ በሚናገረው ምዕራፍ ላይ ያለው ሥዕል በረዶ የለበሰ የፈረንጅ ተራራ ነው። እኔም እንደተማርኩት አስተማርኩ። "ድንጋዮች በሦስት ይከፈላሉ" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ልጆቹ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ያዙት። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን አንዱን ልጅ፣ "እስኪ ከእሳት የተገኘ ድንጋይ ፈልገህ አምጣልኝ" ብለው ሮጦ ሄዶ ከጎረቤት ምድጃ ጉልቻ ነቅሎ ከነጥላሸቱ አመጣልኝ።

አቶ ይርዳው ከኋላ፣ ከልጆቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጆቹ ሲስቁ እሳቸው አልሳቁም። ክፍሉ ሲበተን ጉልቻውን አንሥተው እያገላበጡ፣ "ልጁ አልተሳሳተም" አሉኝ። "ያልሽውን ነው ያመጣልሽ።"

እኚህ ሰው ከመምህርነት በፊት እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። የኮታቸው ሁለቱም ኪስ ሁልጊዜ ድንጋይ ስላለበት ወደ ታች ተጎትቶ ነበር። መንገድ ላይ ያልለመዱትን ድንጋይ ካዩ ከበቅሎ ይወርዳሉ፤ ያነሡታል፤ በምላሳቸው ያረጥቡትና ወደ ፀሐይ ያዞሩታል። ደረቅ ድንጋይ መልኩን ይደብቃል፣ ሲርስ ግን ይናገራል ይሉ ነበር። የልጅ ጥያቄ ቶሎ አይመልሱም። መጀመሪያ ድንጋዩን እጁ ላይ ያኖሩለትና "ከበደህ ወይስ ቀለለህ?" ይሉታል። የእኔን ትምህርት ሰምተው ሲወጡም ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ዛሬ ማን ምን ነካ?"

የጉልቻው ዕለት ግን ትንሽ ረዘም አድርገው አጫወቱኝ። "ድጓ ቤት ሳለሁ የኔታ፣ ዜማው ጉሮሮህ ውስጥ ብቻ ከቀረ ይጠፋብሃል ይሉኝ ነበር። መሬቱን በእግራችን እየረገጥን፣ በመቋሚያ እየመታን ነው የያዝነው። እስከ ዛሬ ቃሉ ቢጠፋኝ እግሬ ያስታውሰኛል። አንቺም ድንጋዩን በእግራቸው አስይዣቸው።"

በዚያው ሳምንት ሞከርኩት። ልጆቹን አግዳሚ ሥር አስገባኋቸውና የምድር ሆድ አልኳቸው። ትንፋሻቸውን አፍነው ተጨናንቀው ቆዩ። ሳጨበጭብ ግማሾቹ እየተገፉ ፈልቀው ወጡ። እነሱን ከደጅ፣ ብርዱ ላይ እንደወጡ ወዲያው እንዲደርቁ አዘዝኳቸው፤ እነዚያ ጣታቸውን እንደጨበጡ ቀሩ። ሌሎቹን እዚያው ከአግዳሚው ሥር ሆነው ቀስ ብለው እስከ ሠላሳ እየቆጠሩ እንዲቀዘቅዙ አደረግኳቸው፤ እነሱ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ጊዜ አገኙ። ቶሎ የቀዘቀዘው ፍሬው የማይታይ፣ ለስላሳ ጥቁር ድንጋይ ሆነ። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ደግሞ ፍሬው በዓይን የሚታይ። በማግሥቱ "ትናንት የሆናችሁትን ድንጋይ አምጡ" አልኳቸው። ያ ጉልቻ ያመጣው ልጅ ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣና፣ "ይኸ ለመያያዝ ጊዜ ያላገኘው ነው" አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲያ ያንን "በሦስት ይከፈላሉ" በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አላውቅም።

አቶ ይርዳው አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ እኔ ያን ጊዜ ቁም ነገር አልመሰለኝም። ዓርብ ዓርብ ገበያውን እየዞሩ ለወላጆች በሚመጣው ሳምንት ልጆቻቸው ምን እንደሚማሩ ይነግሯቸዋል። ጌሾ የምትሸጠዋን እናት ቁጭ ብለው፣ "ሰኞ ልጅሽ እሳተ ገሞራ ሆኖ ይመጣል፤ ልብሱ ቢቆሽሽ አትምቺው" ሲሉ ሰምቻለሁ። የሽማግሌ ወሬ ወዳድነት አድርጌ ቆጠርኩት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ስማዳ ተዛወርኩ። ትምህርት ቤቱ የቆመው ከደጋው ጫፍ ላይ ነው። ከአጥሩ ትንሽ አለፍ ሲሉ መሬቱ ወደ አባይ እየተናደ ይወርዳል፤ ገበሬው ቤቱ ደጋ፣ የማሽላ ማሳው ደግሞ ቆላ ነው። እዚያ አርባ ሁለት ልጆች ተረከብኩ። ከነዚያ መካከል ሦስተኛ ክፍል የምትማር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ዝምተኛ፣ እጇ ግን ፈጣን።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሴቶቹ ልጆች ከአጥሩ ጀርባ ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ አየኋቸው። ስጠጋ ትርንጎ ጠጠሮቿን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

"ለምን ትደብቂያለሽ?" አልኳት።

"የዲያብሎስ ጥፍር ነው፣ እትዬ። እማዬ ቤት አታስገቢ ብላኛለች።"

እጇን ከፈተችልኝ። አምስት ዛጎሎች ናቸው፤ የተጣመሙ፣ ሽንትር ሽንትር ያላቸው፣ ክብደታቸው ግን የድንጋይ። አንዱን እንደ አቶ ይርዳው በምላሴ አረጠብኩት፤ መስመሩ ሁሉ ወጣ። ከአባቷ ጋር ቆላ ወርዳ ማሽላ ስትጠብቅ ከማሳው ዳር እንደምትለቅማቸው ነገረችኝ። ቅሪተ አካል የሚለው ቃል ያኔ በአካባቢያችን አይታወቅም ነበር። "ትርንጎ፣ ይህ ፍጥረት ባሕር ውስጥ ይኖር ነበር" አልኳት። ወደ ገደሉ አየች፣ ወደ እኔ አየች። "ባሕሩስ?" አለችኝ።

ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ቲያትሩን ሠራሁት። በመጀመሪያ ወንዝ ነበረ፦ ልጆቹ በሦስት ተከፍለው ጠጠር፣ አሸዋና ጭቃ ሆነው ይሮጣሉ። እኔ ቆርቆሮ እመታለሁ። ምቱን ሳቀዘቅዘው ከባዱ ጠጠር ቀድሞ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ ጭቃው በመጨረሻ። ዛጎሏ ባሕሩ ሥር ትኖራለች፤ ትሞታለች፤ ጭቃ ሲደራረብባት ድንጋይ ትሆናለች። ከላይ እሳተ ገሞራው ይፈሳል። ኋላ አባይ ይመጣና ሁሉንም ቆርጦ ይወርዳል፤ አንድ ገበሬም ያገኛታል። ዛጎሏ ትርንጎ ነበረች። ከዚህ በፊት ድምጿ የማይሰማው ልጅ፣ ሌሎቹን "አንተ አሸዋ ነህ፣ ከጠጠሩ አትቅደም!" እያለች ታስተካክል ጀመር።

ለልምምድ የምናለብሳት ጆንያ ነበር። ለወላጆች ቀን ግን እንዲያምርልኝ ብዬ ልጆቹን የታጠበ ነጭ ነጠላ አስመጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ወላጆቹን ማስደነቅ አምሮኝ ነበር።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ሞላ። ወንዙ ሲሮጥ ሰው ሳቀ። ትርንጎ ተጠቅልላ ተኛች። የመጀመሪያው ቡድን ነጠላ አለበሳት፤ ሁለተኛው ደገመ፤ ሦስተኛው ፊቷን ሸፈነ። የባሕሩ ሞገድ የሆኑት ልጆች "እእእ" እያሉ ይዞሯታል። እሷም ጎበዝ ስለነበረች ንቅንቅ አላለችም። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መካከል አንድ ጩኸት ተሰማ።

"ልጄን! ከነነፍሷ ገነዙብኝ!"

እናቷ ወይዘሮ እንጉዳይ ነበሩ። ሰው እየጣሱ መጥተው ነጠላዎቹን በጥርሳቸውም በጥፍራቸውም አነሡ። ሌሎች እናቶችም ጮኹ። አባቷ አቶ ውበቱ ልጅቱን በትከሻቸው አደረጓትና ወደ እኔ ዞሩ። "ፊደል እንድታስቆጥሪልኝ ሰጠሁሽ እንጂ ሞት እንድታለማምጅልኝ ነው?" አሉኝ። ቆርቆሮው እጄ ላይ ነበር።

በአራተኛው ቀን ትርንጎ በንዳድ ወደቀች። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ክኒን ሰጥቷት ሲመለስ፣ "ከቆላ ይዛው የመጣች ነው፤ ከቲያትሩ በፊት ሰውነቷ ውስጥ ነበር" ብሎኛል። ለሕዝቡም ተናግሯል። ግን ማን ይስማው? ነጭ አልብሳት አሟረተችባት ተባለ። አርባ ሁለት የነበሩት ልጆች ዐሥራ አንድ ቀሩ። ትርንጎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመኝታዋ ተነሣች፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልተመለሰችም። "ሽማግሌ ሊላክባት ነው" የሚል ወሬም ሰማሁ። ይህ ነው የሰበረኝ። እኔ ለአንድ ቀን ውበት ብዬ የልጅቱን ዕድሜ ሙሉ መንገድ ዘጋሁት አልኩ።

ከአውራጃው ማብራሪያ ስጪ የሚል ደብዳቤ መጣ። የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ገና ሳልልከው በታኅሣሥ አቶ ይርዳው በበቅሎ መጡ። ወሬው አርብ ገበያ ደርሶ ኖሯል። ማመልከቻውን አነበቡና አጥፈው መለሱልኝ።

"እናቲቱ ምን አሉሽ?"

"አልጠየቅኋቸውም።"

"ታዲያ ይህን ወረቀት ማን ጠይቆሽ ጻፍሽው?"

በማግሥቱ ወደ አርብ ገበያ ተመለሱ። እኔም የዚያን ዕለት ወረቀቱን ቀደድኩት። ብሄድ ለእኔ ይቀለኝ ነበር፤ ትርንጎ ግን እዚያው ትቀራለች።

ወደ ትርንጎ ቤት መጀመሪያ ስሄድ ውሻው አልታሰረም፣ ማንም አልከለከለልኝም፤ ተመለስኩ። በሁለተኛው ወይዘሮ እንጉዳይ ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። ሰላምታዬን አልመለሱም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጬ ቆይቼ፣ "ደኅና ዋሉ" ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው እሳቸው ቀደሙኝ።

"ምን ፈልገሽ ነው የምትመላለሽ?"

"ጥፋቴን ልናገር ነው። ልጅዎን ነጭ ሳለብሳት እርስዎን አልጠየቅሁም። ማንን እንደቀበሩ፣ ምን እንዳዩ አልጠየቅሁም።"

እንዝርቱን አስቀመጡት። "ሁለት ቀብሬያለሁ" አሉኝ። "አንዱን በእጄ ገነዝኩት። ሁለተኛዋን ጎረቤት ገነዘችልኝ፤ እኔ አልቻልኩም። ያን ቀን ሦስተኛውን ያየሁ መሰለኝ።"

አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ጥቂት ቆይቶ ትርንጎ ከጓዳ መጣችና አምስቱን ዛጎሎች መካከላችን ዘረገፈቻቸው። እናቷ እንደ መቆጣት አሉና አንዱን አነሡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም በደንብ ያዩት።

"ይህ ነገር ነፍስ ነበረው?"

"ነበረው።"

"ሲሞት ማን ቀበረው?"

"ማንም። ጭቃው ራሱ መጣበት።"

አገላበጡት። ከዚያ፣ "ጭቃ ከሆነ ለምን ጭቃ አላለበሳችኋትም?" አሉኝ። ተነሥተው ከመደቡ ላይ የባላቸውን አሮጌ በርኖስ አመጡ፤ ያ ቡናማ፣ ከባድ የበግ ጠጉር ካባ። "ጭቃ ይኸን ይመስላል" አሉ።

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ ወደ ደብሩ አለቃ ሄድኩ፤ ከእንግዲህ ያልጠየቅሁት ሰው እንዳይኖር ቆርጬ ነበር። አለቃ አዳመጡኝና፣ "ውኃ ነበረ ማለትሽ አይከብደኝም፤ ውኃ ምድርን መሸፈኑን እኛም እናነባለን" አሉ። "የሚከብደኝ የዘመኑ ቁጥር ነው። ልጅ ቁጥር ይዞ ቤቱ ይገባና ከአባቱ ይጣላል።"

"አባቴ፣ ጭቃው በአንድ ጊዜ እንዳልመጣ፣ ተራ በተራ እንደተነባበረ ድንጋዩ ላይ ይታያል። ይህን አላስቀርም።"

"ያየሽውን አስተምሪ። ልጆቹ 'ስንት ዘመን ፈጀ?' ብለው ይጠይቁ። መልሱን አንቺ አትስጪ፤ ሲያድጉ ይፈልጉት።"

ተስማማሁ። ደካማነት ይሁን ብልኅነት እስከ ዛሬ ከራሴ ጋር እከራከርበታለሁ። ልጆቹ ግን ያችን ጥያቄ ከሌላው ሁሉ አብልጠው ወደዷት።

ከዚያ እንደ አቶ ይርዳው ገበያ ለገበያ ዞርኩ። ምን እንደምንጫወት፣ ማን ምን እንደሚሆን፣ ምን እንደሚለብስ ለእያንዳንዱ ወላጅ ተናገርኩ። አንዳንዱ ፊቱን አዞረብኝ፤ በሚቀጥለው ገበያ ደግሜ ሄድኩበት። ለዳግማ ትንሣኤ ሃያ ስድስት ልጆች ተመልሰው ነበር። ትርንጎ የለችበትም፤ አባቷ አልፈቀዱም። ለዛጎሏ ሌላ ልጅ አዘጋጅቼ ነበር።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ወይዘሮ እንጉዳይ ከፊት መጥተው ተቀመጡ፤ ትርንጎም አጠገባቸው ነበረች። አቶ ውበቱ ከአጥር ውጭ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወንዙ ሮጠ፤ ጠጠሩ ተቀመጠ፤ አሸዋው ተቀመጠ። ዛጎሏ የምትገባበት ሲደርስ ያዘጋጀሁት ልጅ ከመነሣቱ በፊት ትርንጎ እናቷን አየቻቸው። እናትየው ወደ አጥሩ አላዩም። "ሂጂ" አሏት።

ልጅቱ መሀል ገብታ ተኛች። ጭቃ የሆኑት ልጆች በርኖሱን ይዘው ቢመጡም ፈርተው ቆሙ፤ እኔም ቆርቆሮውን መምታት አቆምኩ። ወይዘሮ እንጉዳይ ተነሥተው በርኖሱን ከልጆቹ ተቀበሉና በገዛ እጃቸው አለበሷት። እስከ አገጯ ድረስ ብቻ። "ፊቷ ይታይ" አሉ። ከዚያ ለእኔ፣ "በይ ምቺ" አሉኝ።

መታሁ። ሁለተኛው ንብርብር መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። እሳተ ገሞራው ፈሰሰ። አባይ የሆኑት ልጆች እየጮሁ ቆርጠው ወረዱ። ገበሬ የሆነው ልጅ መቆፈሪያውን አንሥቶ ሲጠጋ ትርንጎ ከጽሑፉ ውጭ፣ "ቀስ በል! እሰበራለሁ!" አለችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እናቷም ሳቁ፤ ስማዳ ከመጣሁ ጀምሮ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ጧት አቶ ውበቱ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። "ትግባ" አሉኝ። ትርንጎ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ነው ያገባችው፤ ያም በወደደችው ጊዜ። እኔም ወደ እስቴ እስክዛወር ድረስ ቲያትሩን በየዓመቱ በበርኖስ ሠርተነዋል።

ትርንጎ በተመለሰችበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ አቶ ውበቱ እንደገና መጡ። በሩ ላይ ቆመው፣ "ያ ነገር ካለበት ላውርዳችሁ" አሉኝ። ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች ይዘን፣ ወላጆቻቸው ሁሉ ፈቅደው፣ ማለዳ ወደ ቆላ ወረድን። ከማሽላ ማሳቸው ራስጌ የኖራ ድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ከላይ እስከ ታች በዛጎል የተሞላ።

"ማረሻዬን ሲመታብኝ ዲያብሎስን እየረገምኩ ወደ ገደል እወረውረው ነበር" አሉ አቶ ውበቱ። "ሃያ ዓመት! ስንቱን ወረወርኩት!"

ለልጆቹ ላስረዳ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። እሳቸው ግን ቀድመውኝ በዱላቸው ጫፍ የታችኛውን መስመር ነኩ። "ይኸ ጠጠሩ ነው። ከብዶት ቀድሞ የተቀመጠ። ይኸ አሸዋው ነው።"

"ይኸኛውስ፣ አባ ውበቱ?" አለ አንዱ።

ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው ድንጋዩን አሹት፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። "ይኸ ጭቃው ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይኸ ነው ያለበሳት።"

ጠመኔዬን ከኪሴ አላወጣሁም። ከልጆቹ መካከል ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።